የአምስት ቀን ሰርተፍኬት የሱስ አማካሪ ያደርጋል?

ጥያቄ፦ «በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የወጣቶች ማዕከል እሠራለሁ። ወደ እኛ ከሚመጡት ብዙዎቹ ይቅማሉ፣ ያጨሳሉ፣ ይጠጣሉም። የአምስት ቀን የሱስ ማማከር ሥልጠና እንደሚሰጥ ማስታወቂያ አይቻለሁ። ሰርተፍኬቱን ብይዝ የሱስ አማካሪ ሆኜ መሥራት እችላለሁ? ካልሆነ ከምን ልጀምር? ስንት ጊዜስ ይፈጅብኛል?»

ምላሽ፦ በአምስት ቀን የሱስ አማካሪ አይኮንም። ሥልጠናው ደህና ከሆነ ግን አይናቅም፤ የሙያውን መነጋገሪያ ያስይዝዎታል፣ ምን እንደሚጎድልዎም ያሳይዎታል። የቀረው የሚገኘው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ከሚሠሩት፣ ልምድ ያለው ባለሙያም አይቶ ከሚያርመው ሥራ ነው። የያዙትን ሥራ ሳይለቁ ጎን ለጎን ከተማሩ፣ አንድን ተገልጋይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለብቻዎ ይዘው ለመሥራት ሁለት ዓመት ገደማ ያስቡ። ትምህርቱን የምዘረዝርበት ቅደም ተከተል የታሰበበት ነው፤ ብዙው ጥፋት የሚመጣው አንዱን ሳይዙ ወደ ሌላው በመዝለል ነውና።

መጀመሪያ የሚገድለውን ይወቁ

አዲስ ሠልጣኝ ሁሉ የሚቸኩለው ወደ ምክር አሰጣጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን ማንን አስቀምጠው ማነጋገር እንደሌለብዎ፣ ማንን በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መላክ እንዳለብዎ ማወቅ አለብዎ።

እናንተ ጋ የሚመጣው ወጣት ብዙ ጊዜ ቀን ይቅማል፤ ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበርና እንቅልፍ ለማግኘት ጨብሲ ይወጣል። ሲመጣ «ጫት ማቆም እፈልጋለሁ» ይላል፤ ቅጹም ላይ «ጫት» ተብሎ ይሞላል። ለሕይወቱ የሚያሰጋው ግን ማታ የሚጠጣው ሊሆን ይችላል። ጫት በድንገት ሲቆም ድካም፣ የእንቅልፍ መብዛት፣ የምግብ ፍላጎት መጨመር፣ መነጫነጭ፣ ድብርትና ዱካክ ይመጣል። ሰውየውን ያሠቃየዋል እንጂ ሰውነቱን እምብዛም አደጋ ላይ አይጥለውም። እዚህ ላይ የሚፈራው ድብርቱ የሚያመጣው ራስን የማጥፋት ሐሳብ ነው፤ ሳያድበሰብሱ በቀጥታ ይጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም። አዎ የሚል መልስ ካገኙ ብቻውን አይላኩት፤ ቤተሰቡም በቤት ያለውን ፀረ ተባይና መድኃኒት እንዲያሸሽ ያድርጉ።

የአልኮል ነገር ሌላ ነው። በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ይጀምረዋል። ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ደግሞ ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ የሚሉት ሊመጣ ይችላል፦ ቀንና ቦታ ይጠፋበታል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያተኩሰዋል፣ ይቃዣል። ይህ ካልታከመ ይገድላል። በአገራችን ነገሩ ተደጋግሞ የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ ቤተሰብ ጠጪውን ይዞ ጠበል ይሄዳል፤ መጠጡ በዚያው ዕለት ይቆማል፤ በሦስተኛው ቀን ሰውየው ሲለፈልፍና ሲወራጭ መንፈስ ነው ይባላል። ጠበል አትሂዱ ማለት የእርስዎ ድርሻ አይደለም፤ ቢሉም አይሰሙዎትም። ድርሻዎ ከመሄዱ በፊት ሐኪም እንዲያየው፣ መድኃኒቱንም ይዞ እንዲሄድ፣ እዚያም እንዳያስቆሙት ማድረግ ነው። ከአጥማቂው ጋር መተዋወቅ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፍ ማስታወቂያ ሁሉ የበለጠ ይጠቅማል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አምስት ነገር ሳይጠይቁ ማንንም አያሰናብቱ፦ መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው? በየቀኑ ይጠጣል? ከዚህ በፊት ሲያቆም ጥሎት ወይም የሌለ ነገር ታይቶት ያውቃል? ዳያዜፓም ወይም ሌላ የእንቅልፍ መድኃኒት አዘውትሮ ይወስዳል? አሁን ትኩሳት፣ ከባድ ትውከት፣ የጭንቅላት ጉዳት ወይም እርግዝና አለ? በየቀኑ እየጠጣ ሌላ አንድ እንኳ አዎ ካለ «ነገ ይምጡ» አይባልም። ዳያዜፓምም እንደ አልኮሉ በድንገት ሲቆም ሊጥል ይችላል። ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ በብዛት የሚወስድ ሰው ደግሞ እየወሰደው ሳለም ሊጥለው ይችላል። ትራማዶሉን ለጥቂት ሳምንታት ትቶ ከቆየ በኋላ ወደ ድሮው መጠን ቢመለስ፣ ሰውነቱ መልመዱን ስለተወ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ከማገገሚያ የሚወጣ ሰው ቤተሰብ ይህን ሳይሰማ መሄድ የለበትም።

መድኃኒት አያዙም፤ ምን ለምን እንደሚሰጥ ማወቅ ግን ይጠበቅብዎታል። አልኮል ሲቆም ብዙ ጊዜ ዳያዜፓም እየተቀነሰ በሚሄድ መጠን ይታዘዛል። ቫይታሚን ቢ1 ደግሞ ከግሉኮስ በፊት ይሰጣል፤ ቫይታሚኑ ባለቀበት ሰውነት ላይ ስኳር ብቻ መጨመር የአንጎል ጉዳት ሊቀሰቅስ ይችላልና። ከመጠጥ ለመታቀብ የሚታዘዘውን ዳይሰልፊራም የሚወስድ ሰው ጠላም ሆነ ጠጅ ቢቀምስ ፊቱ ይቀላል፣ ያስመልሰዋል፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። ቤተሰብ «ሳያውቅ ወጡ ውስጥ እንጨምርለት?» ብሎ ይጠይቅዎታል፤ መልሱ «በፍጹም አይደረግም» ነው።

ለዚህ ክፍል ጥሩ መነሻ የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና መመሪያ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው እትም ስለ አልኮልና ስለ ሌሎች ዕፆች ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው፤ በነፃ ይገኛል። ያን ምዕራፍ እስኪሸመድዱ ያንብቡ።

መለካት

«ትንሽ እጠጣለሁ» ከሚል መልስ ምንም አይጨበጥም። ኦዲት የተባለው የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ነው። 8 እና ከዚያ በላይ ሲሆን አጠጣጡ አደጋ እንዳለው ያሳያል፤ ከ16 እስከ 19 ያገኘ ምክርና ክትትል ይፈልጋል፤ 20 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ለተሟላ ምርመራ ይላካል። አሲስት የሚባለው 8 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ሲጋራውንም ዕፁንም አንድ ላይ ያያል። በእሱ አቆጣጠር ከ27 ጀምሮ ከፍተኛ ስጋት ነው፤ መካከለኛው ስጋት ለአልኮል ከ11፣ ለሌሎቹ ከ4 ይጀምራል። ጫትን «ሌላ» በሚለው ረድፍ ስሙን ጽፈው ለብቻው ይጠይቁ። መጠይቆቹ መጥፎ ልማዱን ማጣሪያ ናቸው እንጂ የበሽታ ስም መስጫ አይደሉም። በሽታውን ለመወሰን ዲኤስኤም-5 የተባለው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ 11 መለኪያዎች አሉት፦ በ12 ወር ውስጥ 2 ወይም 3 የታየበት ቀላል፣ 4 ወይም 5 መካከለኛ፣ 6 እና በላይ ከባድ ይባላል። አሥራ አንዱን ያለ ወረቀት መዘርዘር እስኪችሉ ያጥኗቸው።

ጀማሪ የሚሳሳተው ቁጥሩ ላይ ሳይሆን መስፈሪያው ላይ ነው። የኦዲት «አንድ መጠጥ» 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። የሚሊ ሊትሩን ልክ በአልኮሉ መቶኛ ያባዙ፣ ለ100 ያካፍሉ፣ ከዚያ በ0.79 ያባዙ። 330 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ይሆናል። 50 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ አረቄ 16 ግራም ገደማ ነው፤ ማለትም አንድ መለኪያ አረቄ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ይበልጣል። ጠላ ያስቸግራል፦ ግማሽ ሊትሩ ባለ 2 በመቶ ከሆነ 8 ግራም፣ ባለ 6 በመቶ ከሆነ 24 ግራም ይጠጋል። እንደ ጠማቂዋ ስለሚለያይ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ሁለቱንም ይጻፉ። በሰፈሩ የሚጠጣበትን ብርሌ፣ ጣሳና መለኪያ አንድ አንድ ገዝተው ውኃ ሞልተው ይለኩ፤ ልኩን ለጥፈውበት ጠረጴዛዎ ላይ ያኑሩት። ሰው «ይሄንን ያህል» ብሎ በጣቱ ሲያሳይዎ ግምት አይሆንብዎትም።

ጫትን በብር አይለኩ። ዋጋው በክረምትና በበጋ፣ በበለጬና በሌላው መካከል ይለያያል፤ የተጋበዘውን ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። በሳምንት ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚቅም፣ ጠዋት ሀራራው ሳይነሳበት ሥራ መጀመር ይችል እንደሆነ፣ ብቻውን ወይስ ቤርጫ ላይ እንደሚቅም፣ ከሲጋራ ወይስ ከሺሻ ጋር እንደሆነ፣ ምርቃናውን በምን እንደሚሰብር ይጠይቁ። ብቻውን መቃም የጀመረ ሰው ነገሩ ከጨዋታ እንዳለፈ ያሳያል። አነቃቂው ካቲኖን ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ እየጠፋ ስለሚሄድ ቃሚ በየቀኑ ትኩሱን ይፈልጋል። ከሻጩ ጋር በየቀኑ መገናኘቱ ራሱ የሱሱ አንድ አካል መሆኑን ልብ ይበሉ፤ በኋላ ዕቅድ ስታወጡ ይጠቅማችኋል።

ጊዜውንም ይዩ። ዐቢይ ጾም ሲጋመስ የሚመጣ ሰው «አንድ ወር ሆነኝ ከጠጣሁ» ቢልዎ እውነቱን ነው፤ ስለ ፋሲካ ማግስት ግን ምንም አልነገረዎትም። በረመዳን መቃሙ ወደ ሌሊት ይሻገራል እንጂ ላይቀንስ ይችላል። «ባለፉት ሦስት ወራት» ማለት ለብዙ ሰው ጭጋግ ነው፤ «ከጥምቀት ወዲህ» ወይም «ከዒድ ወዲህ» ሲሉት ግን ያስታውሳል።

ማዳመጥን በድምፅ ቅጂ ይማሩ

ሚለርና ሮልኒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ያዳበሩት የማነሳሻ ቃለ ምልልስ፣ ማለትም ሰውየው የመለወጫ ምክንያቱን በራሱ አፍ እንዲናገር የሚረዳ አነጋገር፣ ከምክር ዘዴዎች ሁሉ ቀድመው ሊይዙት የሚገባ ነው። ንግግሩ ሲሰማ ቀላል ስለሚመስል ሰው ሁሉ የሚችለው ይመስለዋል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የ45 ዓመት ሰው ገብቶ «ሚስቴ ነች ያመጣችኝ፤ እኔ ችግር የለብኝም» ይላል። ጀማሪው «ግን እኮ በየቀኑ ነው የሚቅሙት» ይላል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ሙሉውን ሰዓት ለጫት ጥብቅና ቆሞ ይውላል፤ በተከራከረ ቁጥርም ራሱን ያሳምናል። የሠለጠነው አማካሪ «ሳይፈልጉ ነው የመጡት፤ ሌላ ሰው ስለ እርስዎ ሲወስን ደስ አይልም» ብሎ ዝም ይላል። ዝምታው እስከ አሥር ሰከንድ ቢቆይም አይነካውም። ቀጥሎ ከሰውየው አፍ «እሷም አትፈረድባትም፤ ልጆቹን የማያቸው ተኝተው ነው» ዓይነት ነገር ሊወጣ ይችላል። እዚህም ጀማሪ ይሳሳታል፦ ደስ ብሎት ዘሎ ወደ ዕቅድ ይገባል። «ልጆቹ ሲያድጉ እያመለጠዎት ነው» ብሎ እዚያው መቆየት ይሻላል፤ የለውጡን ምክንያት መናገር ያለበት እሱ ነው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ፈቃድ ጠይቀው የ20 ደቂቃ ንግግር ይቅዱ፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ፣ ከመታረሙ በኋላ ቅጂውን ያጥፉ። መጀመሪያ ላይ ከባልደረባ ጋር በማስመሰል ይሁን። ከዚያ እያዳመጡ ሁለት ነገር ይቁጠሩ፦ የጠየቁትን ጥያቄና ሰውየው ያለውን መልሰው ያንጸባረቁትን። ለአንድ ጥያቄ አንድ ማንጸባረቅ ካለ የሚያስኬድ ነው፤ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ከሆነ ጥሩ። ካንጸባረቁት ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 40 በመቶው ቃሉን ከመድገም አልፎ ሰውየው ያልተናገረውን ስሜት የያዘ ይሁን። መጀመሪያ ሲቆጥሩ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ደርድረው ያገኙታል፤ አይደንግጡ፣ ሁሉም ላይ ያለ ነው። በሳምንት አንድ ቅጂ ለስድስት ወር ብትቆጥሩ ከማንኛውም አዳራሽ ሥልጠና በላይ ይለውጣችኋል።

ከ0 እስከ 10 ያለው መስፈሪያም አለ፦ «ማቆም ምን ያህል አስፈላጊ ነው? እንደሚችሉትስ ምን ያህል ይተማመናሉ?» ሰውየው 4 ቢል «ለምን 8 አልሆነም?» ብለው አይጠይቁ፤ ሰበብ ይደረድርልዎታል። «ለምን 1 አልሆነም?» ይበሉት፤ የራሱን ምክንያት ይነግርዎታል።

ይሉኝታችን ለአማካሪ ወጥመድ ነው። ያስተማሩት ሰው «እሺ፣ አቆማለሁ» ብሎ አመስግኖ ወጥቶ አይመለስም። አክብሮዎት ነው እንጂ አልወሰነም። ስለዚህ «እሺ» ባለዎት ጊዜ «እስኪ የነገን ቀን ከጠዋት ጀምሮ እንየው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጓደኞችዎ ሲደውሉ ምን ይሏቸዋል?» ይበሉ። መልስ ከሌለ ውሳኔውም ገና ነው። በዕድሜ የሚበልጥዎትን ሰው ሲያስተምሩ ደግሞ «ስለ እንቅልፉ የማውቀውን ብነግርዎ ይፈቅዳሉ?» ብለው ይጀምሩ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው «ይህ ከእርስዎ ጋር እንዴት ነው?» ብለው ይመልሱለት። ልጅ እግር ባለሙያ ለአባት ሲሰብክ ሁለቱም ያፍራሉ።

ትምህርቱና ወረቀቱ

ኮሎምቦ ፕላን በተባለው የእስያና የፓስፊክ አገሮች የትብብር ድርጅት በኩል የተዘጋጀው ዩኒቨርሳል ትሪትመንት ከሪኩለም የተባለ የሥልጠና ተከታታይ በብዙ አገሮች የሱስ ባለሙያዎች መነሻ ነው። መሠረታዊው ደረጃ ስምንት ኮርሶች አሉት፦ ዕፆች በአንጎልና በአካል ላይ የሚሠሩት ሥራ፤ የሕክምናው ሰንሰለት ከመጀመሪያ እስከ ክትትል፤ ከሱስ ጋር አብረው የሚመጡ የአእምሮና የአካል ሕመሞች፤ መሠረታዊ የማማከር ችሎታ፤ ቅበላ፣ ማጣሪያ፣ ግምገማ፣ ዕቅድና ማስታወሻ አያያዝ፤ የተገልጋይን ጉዳይ ማስተባበር፤ ድንገተኛ ቀውስ ሲደርስ የሚደረግ እርዳታ፤ የሙያ ሥነ ምግባር። እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ የበርካታ ቀናት ሥልጠናዎች ናቸው። እንግዲህ በአምስት ቀን ስምንቱንም እንሸፍናለን የሚል ካለ ምን እንደሚዘልል መገመት አያዳግትም። ከዚህ ጋር የተያያዘ ሦስት ደረጃ ያለው ዓለም አቀፍ የምስክር ፈተናም አለ። ፈተናውን ማለፍ እውቀትን ይመሰክራል፤ በአገር ውስጥ የሙያ ፈቃድ ግን አይተካም። በምን የሙያ መጠሪያ ተመዝግበው መሥራት እንደሚችሉ ከክልልዎ ጤና ቢሮ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የቃል መልስ ኋላ አይረዳዎትም።

ሁለተኛ ዲግሪ የሚያስቡ ከሆነ ምርጫው በሁለት በኩል ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንዳለው ያለ የካውንስሊንግ ወይም የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ትምህርት ለእርስዎ ቀጥተኛው መንገድ ነው። ጎንደርና ጅማ ያለው የተቀናጀ ክሊኒካልና የማኅበረሰብ አእምሮ ጤና ማስተርስ ደግሞ ወደ ሕክምናው ያደላል፤ ከማመልከትዎ በፊት በሳይኮሎጂ ዲግሪ መግባት የሚቻል መሆኑን ያጣሩ። ከሁለቱ የትኛውም የሱስ አማካሪ አድርጎ አያወጣም፤ የመመረቂያ ጽሑፍዎንና የተግባር ልምምድዎን ሱስ ላይ ካደረጉት ግን ግማሹን መንገድ ያስኬድዎታል። ማስተርሱን መጀመሪያ ይማሩ አልልም፤ አንድ ዓመት ሠርተው ቢገቡ የሚጠይቁት ጥያቄ ይለያል።

ውጭ አገር ሄደው በሙያው ለመሥራት የሚያስቡም ብዙ ናቸው። በአሜሪካ ፈቃዱ እንደየግዛቱ ይለያያል፤ በብዙዎቹ ግን የክፍል ትምህርት ሰዓት፣ በተቆጣጣሪ ሥር የተሠራ ሺህና ከሺህ በላይ ሰዓት፣ ከዚያም ፈተና ይጠይቃሉ። እዚህ የሚይዙት የሥራ ሰዓት መዝገብ በሙሉ ሊቆጠርልዎ ባይችልም፣ ፊርማና ማኅተም የሌለው ሰዓት ግን ጨርሶ አይቆጠርም።

በተቆጣጣሪ ሥር መሥራት

ዋናው ይህ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚዘልለውም ይህን ነው። አዲስ አበባ ከሆነ አማኑኤል ሆስፒታልና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና አገልግሎት፣ የግል ማገገሚያ ማዕከላትም አሉ። ለእርስዎ የሚቀርበው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። ከማዕከልዎ የትብብር ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ፤ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን፣ ቢያንስ ለስድስት ወር ይጠይቁ። «ልምምድ ፈልጌ ነው» ብቻ ካሉ ፋይል ሲያቀብሉ ይውላሉ፤ «በሳምንት ሁለት ቅበላ ላይ ልቀመጥ፣ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ሥራዬን እዩልኝ» ብለው በቁጥር ይጠይቁ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ሌላው ሲሠራ አሥር ያህል ጊዜ ዝም ብሎ ማየት፤ ቀጥሎ አብሮ መቀመጥና ከፊሉን መምራት፤ ከዚያ ብቻ መሥራትና ቅጂውን ማቅረብ። በተቆጣጣሪዎ ሰዓት «ሁሉም ደህና ነው» አይበሉ። ያቃትዎትን አምስት ደቂቃ ቆርጠው ያሰሙ፤ አንድ ጥያቄ ይዘው ይግቡ። ተቆጣጣሪው የሱስ ባለሙያ ካልሆነ ልምድ ያለው የአእምሮ ሕክምና ነርስም ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ይሻላል። መዝገብዎ ላይ ቀን፣ የሥራው ዓይነት፣ ደቂቃው፣ የተማሩት አንድ ነገርና የተቆጣጣሪው ፊርማ ይኑር። የሰው ስም አይጻፍበትም።

ራስዎ ከሱስ ያገገሙ ከሆነ፣ ወይም ሌላ አንባቢ ከሆነ፣ በማገገም ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይቆዩ ተገልጋይ አይያዙ ባይ ነኝ። ልምዱ ትልቅ ሀብት ነው፤ ግን ለእርስዎ የሠራው መንገድ ለሌላው ሁሉ የሚሠራ እየመሰለ ያሳስታል።

ወረቀቱ፣ ምስጢሩ፣ ማገርሸቱ

ዕቅድ ሲጽፉ «ተገልጋዩ ሱሱን ያቆማል» የሚል ግብ ምንም አይለካም። «እስከ መጪው ወር መጨረሻ በሳምንት የሚቅምበትን ከ7 ቀን ወደ 3 ቀን ይቀንሳል፤ በቀሩት ቀናት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድሙ ሱቅ ይውላል፤ ማታ ቢራ ቢጠጣ ቁጥሩን ይመዘግባል» ይለካል። በየሳምንቱ አምስት ነገር በአንድ ረድፍ ያስመዝግቡ፦ ከመቃሙ በፊት ምን ሆነ፣ ምን አሰበ፣ ምን ያህል ቃመ፣ ወዲያው ምን አተረፈ፣ ማግስቱ ምን ከሰረ። ደመወዝ ቀን፣ ፈተና ሰሞን፣ ለቅሶ ቤት፣ ከቤርጫ ቤቱ በር የሚያልፍ መንገድ፤ ሁሉም ከዚህ ወረቀት ይወጣል።

ማገርሸት በመጀመሪያዎቹ ወራት ይበዛል። አንድ ቀን መሳትና ጠቅልሎ መመለስ አንድ አይደሉም፤ አንዱን ወደ ሌላው የሚያሻግረው «እንግዲህ ተበላሸ» የሚለው ሐሳብ ነው። ለዚህ ነው ተገልጋይን ማስማል፣ በስለት ወይም በግዝት ማሰር በእኛ ዘንድ የሚጎዳው። አንድ ቀን ሲስት መሐላውን ስላፈረሰ ያፍራል፤ ከእርስዎም ይሸሻል። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ «ብትስት በማግስቱ ነው መምጣት ያለብህ» ብለው ይንገሩት፤ ቀኑንም አብረው ይጻፉ።

በትንሽ ከተማ ምስጢር መጠበቅ ከባድ ነው። ከእናንተ ማዕከል የሚወጣ ሰው ታክሲ ላይ ሊያገኝዎ ይችላል፤ እሱ ካልጀመረ ሰላም እንደማይሉት አስቀድመው ይስማሙ። የዕድር፣ የማኅበር ወይም የሥጋ ዘመድ ከሆነ ለሌላ ባለሙያ ያስተላልፉ። ለወላጅ የሚነገረውና የማይነገረው በመጀመሪያው ቀን ሦስታችሁም ባላችሁበት ይወሰን፦ ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር፣ በሕፃን ላይ የሚደርስ ጉዳት አይደበቅም፤ መቅረቱና መምጣቱ ይነገር እንደሆነ ተስማሙ፤ የቀረው የእሱ ነው። ገንዘብ አያበድሩ፣ የሌሊት ስልክ አያንሱ። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ ሌሊት ለሚደርስ ነገር ወዴት እንደሚሄድ በወረቀት ጽፈው ሰጥተውታልና።

ለወጣት ማዕከል የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር፦ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ ሰው ሲጋራም ሆነ አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። ጫት ግን በፌዴራል ሕግ ያልተከለከለ ምርት ነው፤ በሕግ ማስፈራራት ከመጀመሪያውም አይሠራም።

አሁን ወደዚያ ማስታወቂያ ልመለስ። ከመክፈልዎ በፊት አዘጋጆቹን ይጠይቁ፦ አሠልጣኙ ራሱ ተገልጋይ ያያል? ከአምስቱ ቀን ስንት ሰዓቱ የተግባር ልምምድ ነው? ከ40 ሰዓት ውስጥ 15 እንኳ ካልሆነ ንግግር ብቻ ነው። በአንድ ክፍል ስንት ሰው ይገባል? ከ25 በላይ ከሆነ ማንም አያይዎትም። ስለ አልኮል ማቋረጥ ትምህርት አለው? ከሥልጠናው በኋላ ለሦስት ወር እንኳ ሥራዎን የሚያይ ሰው ይመድባሉ? ለመጨረሻው ጥያቄ አዎ ካሉ ይክፈሉ። ካላሉ ገንዘቡን ለድምፅ መቅጃና ወደ ሆስፒታሉ ለሚመላለሱበት የታክሲ ሒሳብ ያውሉት፤ ደብዳቤውንም በዚህ ሳምንት ያስጽፉ።